እድፍ የሌለው ወለል

እኔን ስለ እድፍ የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራዬ ምን እንዳመጣ ስትሰሙ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ሃያ ሁለት ዓመት መዋኛ ገንዳ አጥቤያለሁ። የኛን የስፖርት ማዕከል ገንዳ ብቻ አይደለም፤ ሆቴል ያላቸው፣ ትምህርት ቤት ያላቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ገንዳ ያስቆፈሩ ሀብታሞች ሁሉ ወለሉ ሲበላሽባቸው የሚያስጠሩት እኔን ነበር። "ሐኪሙ" ይሉኛል። መጀመሪያ ለቀልድ ነው ያወጡልኝ፤ ቆይቶ ቆይቶ እውነተኛ ስሜን የሚያስታውስ ጠፋ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ነጭ ልስን ላይ ቡናማ እድፍ ስታዩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቅጠል በስብሶበታል፣ ወይ ብረት ነው። ለዓይን አንድ ናቸው። የቅጠሉን ክሎሪን ያስለቅቀዋል። የብረቱ ላይ ግን ክሎሪን ካፈሰሳችሁበት ጭራሽ ይጠቁራል፤ ስንቱ ሞኝ አፍስሶ አፍስሶ ገንዳውን ካበላሸ በኋላ እኔ ዘንድ ሮጧል! እኔ ከፋርማሲ የምትገዛውን የቫይታሚን ሲ ኪኒን ይዤ እጠልቃለሁ። ኪኒኑን እድፉ ላይ ጫን አድርጌ ትንፋሼን ይዤ እስከ ስድሳ እቆጥራለሁ። ሳነሳው ሥሩ ነጭ ከሆነ ብረት ነው፤ አለቀ። ከዚያ ክሎሪኑን አወርድና ያንኑ ቫይታሚን በዱቄት መልክ እበትናለሁ፤ በብሩሽ እፈትጋለሁ፤ በሁለት በሦስት ቀን ወለሉ ወተት ይመስላል። የኔ ጥያቄ ሁልጊዜ "ምንድን ነው?" የሚል ነበር። ከየት መጣ ብዬ ብዙም አልጨነቅ። ከለቀቀልኝ ምን አገባኝ?

የማዕከሉ የሞተር ክፍል ውስጥ የሚሠራው የታናሽ እህቴ ባል ነው። ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም "ሞተሪስቱ" ይለዋል፤ ፓምፑን፣ ማጣሪያውን፣ ማሞቂያውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ቀስተኛ ነው፣ ጠያቂ ነው። እኔ ደግሞ ቀስ የሚል ሰው ሳይ ሰውነቴን ይበላኛል። "አንተ እኮ እህቴን ላግባሽ ለማለት ሁለት ዓመት የፈጀብህ ሰው ነህ፤ ይቺን ቧንቧ ደግሞ መቼ ልትጨርሳት ነው?" እለዋለሁ። ይስቅና ሥራውን ይቀጥላል። አይቀየምም። ይሄ አለመቀየሙ ነው ዛሬ የሚገድለኝ።

በጥልቁ በኩል፣ ወለሉ መሃል ላይ የውሃው መምጠጫ አለ። ትሪ የሚያህል ፍርግርግ ክዳን በአራት ብሎን ታስሮ ይቀመጥበታል። ከሥሩ ያለው ቧንቧ ውሃውን ወደ ፓምፑ ይስባል። ክዳኑ እያለ እግራችሁን ብታስቀምጡበት ኮርኮር ከማድረግ በቀር ምንም አይላችሁም። ክዳኑ ከሌለ ግን ጎልማሳ ሰው ይዞ ያስቀራል።

አንድ ሰኞ ጠዋት በዚህ ክዳን ዙሪያ አራት ቡናማ ነጠብጣቦች አየሁ። ሳንቲም ሳንቲም ያክላሉ። ሌላ ሥራ ይዤ ስለነበር ተውኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ተያይዘው ቀለበት ሆኑ። ኪኒኔን ይዤ ጠለቅሁ፤ ስድሳ ቆጠርኩ፤ ሳነሳው ነጭ። ብረት! ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከየት መጣ ለሚለውም መልሱ በእጄ ነበረ፤ በዚያ ሰሞን የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ ገንዳው የሚሞላው ከማዕከሉ ጉድጓድ ነበር፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ብረት አያጣም። ውሃው ወደ መምጠጫው ስለሚሄድ ብረቱ እዚያው ይሰበሰባል ብዬ ደመደምኩ። የጉድጓድ ውሃ ቢሆን ኖሮ እኮ ግድግዳውንም ደረጃውንም አይምርም ነበር። ይሄን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ሐኪም ስለነበርኩ አላወቅሁትም።

ረቡዕ ዕለት ዱቄቱን በትኜ ስጨርስ እጄን ልታጠብ ወደ ሞተር ክፍሉ ገባሁ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፓምፑ ይጮሃል። ሞተሪስቱ በጨርቅ እጁን እየጠረገ ጠጋ አለኝ።

"ጋሼ፣ ብሎኖቹ ቢሆኑስ?"

"የምን ብሎን?"

"የክዳኑ። መጀመሪያ አራት ነጠብጣብ ነው ያልከኝ፤ ብሎኖቹም አራት ናቸው። ባለፈው ዓመት ሲቀየሩ የማይዝገው አልተገኘም ተብሎ ተራው ነው የገባው መሰለኝ።"

"መሰለኝ!" አልኩት።

"ለአንድ ቀን ውሃውን ብናጎድልና አንድ ጊዜ ባያቸውስ? ቶሎ ነው የምጨርሰው።"

ቱግ አልኩ። ውሃ ከጎደለ የበተንኩት ሁሉ አብሮ ሊሄድ ነው፤ ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ የልጆች ትምህርት አለ፤ ሥራ አስኪያጁ እስከዚያ ወለሉ እንዲነጣለት ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን እሱ አይደለም ያናደደኝ። ያናደደኝ፣ እድፍን በተመለከተ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው መገኘቱ ነው።

"ስማ" አልኩት፣ "እኔ እዚህ ገብቼ ዘይት አነሰ፣ ዘይት በዛ ብዬህ አውቃለሁ? አንተ ሞተርህን ጠብቅ፤ ወለሉን ለኔ ተው። እድፉ ከውሃው ነው አልኩ፤ ከውሃው ነው!"

"እሺ ጋሼ" አለ። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ዓርብ ጠዋት እድፉ የለም። አንዲት ነጥብ እንኳ የለችም። ሥራ አስኪያጁ ከገንዳው ዳር ቆሞ ቁልቁል አየና "እጅህ ይባረክ፣ ሐኪሙ!" አለኝ። ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ልጆች ውሃ ውስጥ ነበሩ። አሰልጣኟ ከወለል ላይ የፕላስቲክ ቀለበት የማውጣት ጨዋታ ታጫውታቸዋለች። አንደኛዋ እዚያው ሰፈር ሱቅ ያላት የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ጠላቂ ነች፤ ጸጉሯ ረጅም ነው። እኔ ብሩሼን ይዤ ከዳር ቆሜ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጆቹን ሳይሆን ወለሌን ነበር የማየው። ልጅቷ ጠለቀች። ከዚያ ክዳኑ ከቦታው ተንሸራቶ አየሁት። ልጅቷ ግን አልተመለሰችም።

ጸጉሯን ነው የያዛት። ነፍስ አድኑ ዘለለ፣ አሰልጣኟ ዘለለች፣ እኔም ከነልብሴ ገባሁ። ሦስት ሰው ጎትተን አልለቀቀም። "ሞተሩን! ሞተሩን አጥፋው!" እያለ ሰው ሁሉ ጮኸ። የፓምፑ ጩኸት ባለበት ክፍል ውስጥ ላለ ሰው የውጭ ጩኸት አይሰማም። ሰው ሮጦ ሄዶ ነገረው፤ ሞተሪስቱ በደቂቃ አጠፋው፤ ያኔ ለቀቃት። አወጣናት። ነፍስ አድኑ ደረቷን ሲጫን፣ ሲነፋ፣ ሲጫን ብዙ ቆየ። እናትየዋን ከሱቋ ጠሯት። ስለዚያ ሌላ ነገር አልናገርም፤ አቅም የለኝም።

ፖሊሶች መጡ። ክዳኑ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ብሎን የሚባል ነገር የለበትም። የተቆራረጡት አናቶች በቧንቧው ተስበው ሄደዋል፤ ጉቶዎቹ ደግሞ ልስኑ ውስጥ ጠልቀው ከላይ አይታዩም። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ አመድ መስሎ "ሞተሪስቱ ሐሙስ ዕለት ቧንቧ ሲጠርግ ፈቶት ነበር፤ ሳያስረው ረስቶ ነው" አለ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ሞተሪስቱ "እኔ አልፈታሁትም፤ ዝጎ ተቆርጦ ነው" አለ።

መርማሪው ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ወለሉን አየ። "ዝገቱ የታለ?" አለ።

ሁላችንም አየን። ወለሉ ነጭ ነው። ፀሐይ እስከ ታች ድረስ ገብታለት እንዲህ አምሮ አያውቅም። ሞተሪስቱ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። አንድ ቃል ቢናገር፣ "እሱ አጥቦት ነው" ቢል ኖሮ እኔም ከጎኑ እቆም ነበር። አላለም። ዓይኑን ከኔ ላይ አነሳና መሬት መሬት አየ። እጁን አስረው ወሰዱት። እኔ ከነእርጥብ ልብሴ ቆሜ ቀረሁ።

እሁድ ጠዋት እህቴ ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። "ጋሼ፣ ባሌ አንድ ነገር ፈትቶ ሳያስር የሚሄድ ሰው ነው? አንተ አታውቀውም? የቤታችንን በር እንኳ ቆልፎ ሦስት ጊዜ ገፋ አድርጎ የሚያይ ሰው እኮ ነው!"

"አውቃለሁ" አልኳት።

"አንተስ ያየኸው ነገር የለም?"

"የለም" አልኳት። ለገዛ እህቴ፣ ዓይኗን እያየሁ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀመጠ። የሚያስፈራራ ሰው አይመስልም ነበር፤ የሚለማመጥ ነው የሚመስለው። "አየህ፣ ዝገት ነበረ ብለህ ብትናገር" አለኝ፣ "አይቶ ዝም ያለው፣ አጥቦ ያጠፋው ማን ነው ይባላል? እኔ ያንተን መጥፎ ማየት አልፈልግም።" ስለኔ የሚያዝን መስሎ ስለ ብሎኑ ይፈራ ነበር፤ ተራው ብሎን እንዲገባ ያዘዘው እሱ ነው። ይሄን ሁሉ እያወቅሁ አንገቴን ነቀነቅሁለት። ፈራሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፤ ፈራሁ።

ማክሰኞ ገንዳው ደርቆ አንድ ብረት ሠራተኛ መሰርሰሪያ ይዞ ወረደ። ፖሊስ ጨርሷል፣ ለደኅንነት ሲባል አዲስ ክዳን ይገባል ተባለ። አራቱን ቀዳዳዎች ሰርስሮ ሲያሰፋ ከውስጣቸው ቀይ ቡናማ ዱቄት ወጣ። ጉቶዎቹ ናቸው። ክሩ እንኳ የሚታይ ቁራጭ ብረት ከዱቄቱ መሃል ተንከባለለ። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ሆኖ "ሐኪሙ፣ እስቲ ወለሉን አለቅልቀው" አለኝ። ጎማውን ይዤ አለቀለቅሁት። ምነው እጄን በቆረጠው! ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋሁት እኔው በገዛ እጄ ነኝ። የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው፤ ይሄኛውን አውቄ ነው።

ረቡዕ እህቴን ተከትዬ ጣቢያ ሄድኩ። ከሽቦው ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ጢሙ አድጓል። እህቴ የያዘችለትን ዳቦና ብርድ ልብስ ልታስፈትሽ ወደ ጠባቂው ስትሄድ ጠጋ አለኝ።

"ጋሼ፣ እንዳትናገር" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"ታውቀዋለህ። ሁለታችን ከገባን ልጆቹን ማን ያያል? እኔ አንዴ ገብቻለሁ። ያልከኝንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። አንተ ትቆጣለህ እንጂ ክፉ ሰው አይደለህም።"

ክው አልኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቢተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። የተሸከመው የኔን ነገር ሆኖ ሳለ ደግሞ ያጽናናኛል! ደሜ ፈላ። እህቴን እንኳ ሳልሰናበት ዞርኩና እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ወደ መርማሪው ክፍል ገባሁ። ሳይጠይቀኝ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ነጠብጣቡን፣ ኪኒኑን፣ ዱቄቱን፣ ሞተሪስቱ "ውሃውን እናጉድል" ማለቱን፣ እኔ "ሞተርህን ጠብቅ" ማለቴን፣ የብሎኑን ጉቶ፣ የጎማውን ውሃ። መርማሪው መጥፎ ሰው አልነበረም። እስክሪብቶውን አንስቶ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከዚያ "ሞተሪስቱ ምንህ ነው?" አለኝ።

"አማቼ ነው። የእህቴ ባል።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እስቲ ዝገቱን አሳየኝ" አለ።

"አጥቤዋለሁ አልኩህ እኮ።"

"ጉቶዎቹንስ?"

"ተሰርስረዋል።"

"ታዲያ ምን ይዘህ መጣህ?"

"እኔ አለሁ" አልኩት። "ራሴን ይዤ መጥቻለሁ።"

በሐዘኔታ አየኝ። "ወንድሜ፣ በዚህ ወንበር ላይ ለእህቱ ባል፣ ለወንድሙ፣ ለልጁ ሲል ጥፋተኛው እኔ ነኝ ያለ ሰው ስንቱ ተቀምጧል መሰለህ! ደግ ነህ። ግን ደግነት ማስረጃ አይሆንም።" ዓይኔን ግንባር ያድርገው እያልኩ ማልኩ። ጠረጴዛውን መታሁ። ጠባቂ ጠርቶ አስወጣኝ። ያን ቅዳሜ እዚያው ገንዳው ዳር ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ጉቶዎቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ነበሩ፤ ማንም ሰው አይቶ ያምን ነበር። አራት ቀን ዘገየሁ። በአራት ቀን ዝገት ብዙም አይጨምርም፤ ሰው ግን ምን ሊያጠፋ እንደሚችል አያችሁ።

ችሎቱ ወራት ፈጀ። ነፍስ አድኑ ተጠይቆ "ቡናማ ነገር አይቻለሁ፤ ቅጠል ይሁን ዝገት እኔ አልለይም" አለ። እውነቱን ነው፤ በማዕከሉ ውስጥ የሚለይ ሰው አንድ እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ሲቆም ግን አስገረመኝ። አሞገሰኝ! "ይህ ሰው በሙያው ተወዳዳሪ የለውም" አለ ወደ እኔ እያመለከተ፤ "ሃያ ሁለት ዓመት አብሮን ሲሠራ አንድ አደጋ አይቶ ሳይነግረኝ ቀርቶ አያውቅም። ዝገት ቢሆን ኖሮ እሱ ያውቅ ነበር፤ ቢያውቅ ይነግረኝ ነበር። የቅጠል እድፍ ነው ያጠበው። አሁን ይህን የሚለው ለእህቱ አዝኖ ነው።" ሰው ሁሉ እንደ ቅን ሰው አየኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያካበትኩት ስም ያን ቀን አፌን ዘጋው።

እኔም ቆሜ የሆነውን ተናገርኩ። ስናገር እህቴ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። "ሞተርህን ጠብቅ፤ ወለሉን ለኔ ተው" ያልኩትን ስደግም አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ባሏ አልነገራትም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም። ዳኛው የቅርብ ዘመድ ቃል ነው፣ የሚደግፈው ማስረጃ የለም ብሎ አለፈው። አምስት ዓመት ፈረደበት።

በማግስቱ እህቴ ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ድምጿ ረጋ ያለ ነው። "ያኔ እሁድ ቤትህ መጥቼ ጠይቄህ ነበር" አለች። "አላየሁም አልከኝ። ወንድሜ ነህ፤ መቼም ልክድህ አልችልም። ቤቴ ግን አትምጣ። ልጆቼ አባታችን የት ነው ሲሉኝ አንተን እያዩ መልስ ልሰጣቸው አልችልም።" ጋሼ አላለችኝም። ስልኩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ገንዳ አልነካሁም። ሥራውን ተውኩ። ሰው እየደወለ ወለላችን አደፈ ይለኛል፤ ሌላ ፈልጉ እላለሁ። ኤዲያ! በሽተኛ የሚገድል ሐኪም ምን ያደርግላቸዋል። የሞተሪስቱ ጠበቃ ይግባኝ ብሏል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶኝ እንዲህ አለኝ፦ "ያንተን ቃል ማንም አይሰማውም። ዳኞቹን ሊያናግር የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሟቿ እናት። እሷ ለማንም ብላ አትዋሽም፤ የምትዋሽበትም ምክንያት የላትም። ያንተን ቃል አምኜዋለሁ፣ ይመርመርልኝ ብትል ነገሩ እንደገና ይከፈታል።" ማን ሄዶ ይጠይቃታል? እሱ አልደፈረም። እህቴ አልደፈረችም። እኔማ በሱቋ በኩል ማለፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ገበያ እንኳ የምሄደው በሩቁ ዞሬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ራሷ ናት። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥራዋን አቋርጣ ድንገት ተነስታ እንደመጣች ያስታውቃል። ክፍሌ አንድ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ወንበሩን በእጅጌዬ ጠርጌ ሰጠኋት። እኔ ቆምኩ።

"ማንም አልላከኝም" አለች። "ጠበቃውም አልላከኝም። በችሎት የተናገሩትን ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ለእህታቸው ብለው ነው ይላል። እኔ ግን ሲናገሩ ፊትዎን አይቼ ነበር። እስቲ አሁን ለኔ ይንገሩኝ። ዝገቱን አይተዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ስንት ቀን?"

"ሦስት ሳምንት።"

"ያ ሰውዬ እንይ ብሎዎት ነበር?"

"ብሎኝ ነበር። ጮህኩበት።"

ከውጭ የሰፈር ልጆች ሲራገጡ ይሰማል፤ ኳሳቸው አጥሬን መታ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

"ሌላ ያልተናገሩት አለ?" አለችኝ።

አለ። ለፍርድ ቤቱም አልተናገርኩትም፤ ለእናንተም እስካሁን ዘልዬዋለሁ። "ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት" አልኳት፣ "እድፉን በብሩሽ ስፈትግ ክዳኑ ከእጄ ሥር ነቅነቅ አለ።"

"ነቅነቅ አለ?"

"ትንሽ። ግን ነቅነቅ አለ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እድፉ እየለቀቀልኝ ነበር" አልኳት። "ደስ ብሎኝ ነበር።"

ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ትመታኛለች ብዬም ነበር፤ ብትመታኝ አልሸሽም ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ብዙ አየች።

"አየ" አለች በመጨረሻ። "እኔ እርስዎን ካመንኩ ልጄን የገደሏት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ካላመንኩዎት ያ ሰውዬ ነው። እሱን ጠዋት ማታ ስረግመው ነው የከረምኩት፤ ለምጄዋለሁ፤ ሲመሽም እሱን እየረገምኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው መልመድ ሊኖርብኝ ነው። ማክሰኞ ይግባኙ ይሰማል። ሄጄ ልናገር እችላለሁ፤ ዝም ብዬ ልቀርም እችላለሁ። እንዲያው ይንገሩኝ፣ ምን ላድርግ? ልመንዎት?"

ስንት ወር ሙሉ እመኑኝ እያልኩ ስጮህ ከርሜያለሁ። መርማሪውን ለምኛለሁ፣ ዳኛውን ለምኛለሁ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አደንቁሬያለሁ። አሁን የሚያምነኝ ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ሲጠይቀኝ ዓይኔን ወደ በሩ መለስኩ። አይመኑኝ ብላት ትሄድ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ይሄ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም፤ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

"ይመኑኝ" አልኳት።

ከተቀመጠችበት ተነሳች። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና ጣቶቿ ላይ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ድረስ ተከተልኳት፤ ልሸኛት መሆኑን እንኳ አላወቅሁም። ደፉ ላይ ቆማ ዞር አለች።

"ማክሰኞ ስትመጣ ብርድ ልብስህን ይዘህ ና" አለችኝ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንቱ ስትለኝ ነበር።